«ለጊዜው» ያስቀመጥነው ፋይል፦ የቴምፕ የሃምሳ ዓመት ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የኮምፒውተር ሰው ያልሆናችሁም አትሽሹ፤ ጉዳዩ የማሽን ይምሰል እንጂ የሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን የአንድ ድርጅት ሰርቨር ኃላፊ ሆኗል። «ቲቸር፣ ዲስኩ ሞልቷል፤ ሲስተሙ ቆሟል፤ አለቆቼ አናቴ ላይ ቆመዋል። ቴምፕ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጌ ላጥፋው?» አለኝ። «እንዳታደርገው! እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ!» ብዬ ጮህኩበት። ባለቤቴ ደንግጣ «ምን ሆንክ?» እያለች ከጓዳ ወጣች።

እንዲያ ያስጮኸኝ የ1995 ዓ.ም. ነገር ነው።

ያን ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም አስተምር ነበር። ከማስተማሩ ጎን የክፍሉን ሰርቨር የምጠብቀውም እኔው ነበርኩ። ሶላሪስ የሚባለው ዩኒክስ የሚሠራበት አንድ ማሽን ነው፤ ተማሪው ሁሉ በየተርሚናሉ እየገባ ይጋራዋል። ለእያንዳንዱ ተማሪ የመደብኩት የዲስክ ቦታ 10 ሜጋባይት ነበር። ዛሬ ሁለት ሦስት የስልክ ፎቶ ቢገባበት ነው። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ተንገታገተ። ውጭ ያለው መግባት አልቻለም፤ ውስጥ ያለውም አዲስ ፕሮግራም ማስነሳት አቃተው። እኔም ብዙ ሳልመረምር፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ አጥፍቼ አስነሳሁት። ማሽኑ እንደ አዲስ ፈጠነ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ተመራቂ ተማሪዬን ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የአራት ወር ሥራዋ የለም። ፕሮግራሙም፣ ውጤቱም፣ የጽሑፉ ረቂቅም ጠፍቷል። የተመደበላት ቦታ ስላልበቃት ቴምፕ በሚባለው የጋራ ቦታ ነበር የምታስቀምጠው፤ እኔ ማሽኑን ሳስነሳ ሁሉም አብሮ ተጠረገ። ያኔ ያልኳት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። «ስሙ ራሱ ጊዜያዊ ይላል እኮ! እንዴት እዚያ ታስቀምጫለሽ?» አልኳት። እንባዋን እየዋጠች አንድ ነገር ብቻ መለሰችልኝ፦

«ቲቸር፣ ማን ነገረን?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ የድሮ የዩኒክስ መመሪያዎችንና ጽሑፎችን እያገላበጥኩ ስፈልግ የኖርኩት የዚያችን ጥያቄ መልስ ነው። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቴምፕ ምንድን ነው? በዩኒክስና ከእሱ በተወለዱት ሲስተሞች ሁሉ፣ ሊነክስንም ማክንም ጨምሮ፣ ማንም ተጠቃሚ፣ ማንም ፕሮግራም ለአፍታ የሚፈልገውን ፋይል የሚያስቀምጥበት አንድ የጋራ ዳይሬክተሪ አለ። ስሙ «ጊዜያዊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርጦ የቀረው ነው። እኔ ለተማሪዎቼ በስጥ ነው የማስረዳው። ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ መሃል ባዶ ሜዳ አለ። ጠዋት አንዷ በርበሬዋን፣ ሌላዋ ብቅሏን ታሰጣለች። ቦታው የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ስጡ ግን ባለቤት አለው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እያንዳንዷ የራሷን ታነሳለች። ያላነሳች እንደሆነ ዝናብ ይመጣል። ይቺን ሜዳ በልባችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ዩኒክስ የተጀመረው በ1969 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በሚገኘው ቤል ላብስ ነው፤ ዋናዎቹ አባቶቹ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። ሁለቱ በ1974 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ የሚሠሩበትን ማሽን ይዘረዝሩታል። ሜሞሪው 144 ኪሎባይት፤ ከዚያ ላይ 42 ኪሎባይቱን ዩኒክስ ራሱ ይወስዳል። 1 ሜጋባይት የሚይዝ አንድ ፈጣን ዲስክ፣ እያንዳንዳቸው 2.5 ሜጋባይት የሚይዙ አራት ትንንሽ ዲስኮች፣ 40 ሜጋባይት የሚይዝ አንድ ትልቅ ዲስክ። በቃ። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ያንን ፈጣን ዲስክ ብቻውን ሞልቶ ያፈሰዋል።

ቴምፕ የተፈጠረው ከዚህ ችግር ነው። ሜሞሪው ትንሽ ስለሆነ የምታርሙትን ጽሑፍ በሙሉ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ኢዲ የሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ የምትሠሩበትን ቅጂ ቴምፕ ውስጥ በአንድ ፋይል ያስቀምጥና ከዚያ ላይ ቁራሽ ቁራሹን እያነሳ ይሠራል። የሲ ቋንቋ ኮምፓይለሩም ሥራውን በየደረጃው ይከፋፍላል፤ አንዱ ደረጃ ለሚቀጥለው የሚያቀብለውን ቴምፕ ውስጥ ያኖራል። በ1979 የወጣው የሰባተኛው እትም መመሪያ የዳይሬክተሪዎቹን ዝርዝር ሲሰጥ ስለ ቴምፕ የሚለው አጭር ነው፦ ጊዜያዊ ፋይሎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ዲስክ ላይ፤ በ«ኢ» የሚጀምሩት የማረሚያው፣ በ«ሲቲኤም» የሚጀምሩት የኮምፓይለሩ። የስጡ ባለቤት በስሙ ይታወቃል ማለት ነው።

ያው መመሪያ ሁለተኛ ጊዜያዊ ቦታም ያሳያል፤ ዩኤስአር ቴምፕ ይባላል። ለምን ሁለት አስፈለገ? ፈጣኑ ዲስክ ትንሽ ነዋ! ለምሳሌ ሶርት የሚባለውን በቅደም ተከተል የሚደረድር ፕሮግራም ውሰዱ። ከሜሞሪው የሚበልጥ ፋይል ሲሰጡት ቆራርሶ እያንዳንዱን ቁራሽ ይደረድርና ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ በኋላ ሁሉንም ያዋህዳል። ስለዚህ የፋይሉን ያህል ሌላ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የሰባተኛው እትም ሶርት መጀመሪያ የሚሞክረው ዩኤስአር ቴምፕን ነው፤ እዚያ ካልሆነለት ወደ ቴምፕ ይሄዳል። ከፈለጋችሁም ቦታውን ራሳችሁ የምትመርጡለት ትእዛዝ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ትልቅ ዳታ የምትደረድሩ ልጆቼ፣ ይህን ያዙ፦ ሥራው መሃል ላይ «ቦታ የለም» ብሎ ሲቆም ብዙ ጊዜ የሞላው የእናንተ ዲስክ ሳይሆን ቴምፕ ነው።

በዚያ ዘመን «ጊዜያዊ» ማለት የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር። ፕሮግራሙ ይፈጥራል፤ ሲጨርስ ራሱ ያጠፋል። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ከወደቀና ፋይሉ ከቀረ ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራው ስክሪፕት ቴምፕን ይጠርገዋል። ማንም አይጎዳም፤ ምክንያቱም ሰው እዚያ የሚያስቀምጠው ነገር የለም። ተጠቃሚዎቹም በአንድ ኮሪደር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ዲስክ ሲሞላ አንዱ ራሱን ብቅ አድርጎ «ኧረ የማን ነው ይሄ?» ይላል። ሕጉ በጉርብትና ይሠራል።

ደግሞ አንድ የሚገርም ብልሃት አላቸው። በዩኒክስ የፋይል ስምና ፋይሉ ራሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ከፍቶ እየሠራበት ሳለ ስሙን ብታጠፉት ፋይሉ ከዝርዝሩ ይሰወራል እንጂ አይሞትም፤ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ ቦታውን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ብልህ ፕሮግራመር ጊዜያዊ ፋይሉን ይከፍትና ወዲያው ስሙን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በሰላም ቢጨርስም፣ ቢወድቅም፣ ቢገደልም ቦታው በራሱ ይመለሳል። ጠራጊ አያስፈልግም። ይህን ብልሃት አስታውሱት፤ በኋላ በሌላ መልኩ ይመጣብናል።

ሪቺ ግን ጉድለቱን አልደበቀም። ከሰባተኛው እትም ጋር በተሰራጨው የዩኒክስን ደህንነት በሚመለከት አጭር ጽሑፉ፣ የዲስክ ቦታንም ሆነ የፋይል ብዛትን ከመጠን በላይ የሚወስድ ሰውን የሚያግድ ነገር እንደሌለ በግልጽ ይናገራል። ዳይሬክተሪ ውስጥ ዳይሬክተሪ እየፈጠረ ያለ ማቋረጥ የሚወርድ ባለ ጥቂት ቃላት ስክሪፕት ጽፎ ማንም ተራ ተጠቃሚ ማሽኑን ሊያስቆም እንደሚችል ያሳያል። ለአንድ ኮሪደር ሰዎች የተሠራ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ቁልፍ የለውም።

ከዚያ ግቢው ሞላ። ዩኒክስ ዩኒቨርሲቲዎች ገባ፤ ተጠቃሚው እርስ በርሱ የማይተዋወቅ፣ ፈተና የደረሰበት፣ ሌሊት የሚሠራ ተማሪ ሆነ። በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ቢኤስዲ የተባለው ዩኒክስ በ1983 ዓመት እትሙ የዲስክ ኮታን አመጣ። ኮታውን የሠራው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮበርት ኤልዝ ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው፦ ሁለት ገደብ አለ። ለስላሳውን ስታልፉ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ለተወሰነ ጊዜ ይታገሳችኋል። ጠንካራውን ግን ጨርሶ ማለፍ አይቻልም። አስተውሉ፤ በመጀመሪያ መናገር፣ ቀጥሎ መታገስ፣ በመጨረሻ መከልከል ነው። የአስተዳደር ሀሁ ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን ማክኩሲክ፣ ጆይ፣ ሌፍለርና ፋብሪ የሠሩት አዲሱ የበርክሊ ፋይል ሲስተም ከዲስኩ 10 በመቶ ገደማ ባዶ እንዲቀር አደረገ፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ዋናው አስተዳዳሪ ካልሆነ በቀር ማንም መጻፍ አይችልም። አንዱ ምክንያት ፍጥነት ነው፤ የሞላ ዲስክ ፋይሎችን አጠጋግቶ ማስቀመጫ ስለሚያጣ ይዘገያል። ለእኛ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ ሁሉ ሲሞላ አስተዳዳሪው የሚንቀሳቀስበት ክንድ ያህል ቦታ ይተርፈዋል። ዲኤፍ የሚባለው የዲስክ መለኪያ ትእዛዝ በዚያ ዘመን አንዳንዴ ከመቶ በላይ ያሳይ የነበረው ለዚህ ነው። ተማሪዎቼ ሲያዩት «ቲቸር፣ መቶ አሥራ አንድ በመቶ እንዴት ይሆናል?» ብለው ይስቁ ነበር።

ኮታ ግን ያልታሰበ ውጤት አመጣ። የቤቱ በር ሲጠብ ሰው ወደ ሜዳው ወጣ። የተማሪው የግል ቦታ ተገደበ፤ ቴምፕ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ኮታ ይተዋል፤ ፕሮግራሞች ሁሉ ስለሚፈልጉት። እናም ለደቂቃዎች የተሠራው ቦታ ለሳምንታት፣ ለወራት መኖሪያ ሆነ። ተማሪዬ ያደረገችው ነገር የእሷ ስህተት ብቻ አልነበረም። 10 ሜጋባይት መድቤ ወደዚያ የገፋኋት እኔ ነኝ።

ሜዳው ሲጨናነቅ ሁለተኛ ችግር መጣ። ማንም እንዲጽፍበት የተፈቀደ ዳይሬክተሪ ውስጥ፣ በዩኒክስ ሕግ መሠረት፣ ማንም የማንንም ፋይል ማጥፋት ይችላል። ስጤን አሰጥቼ ዞር ስል ጎረቤቴ ጠርጎ ሊጥልብኝ ይችላል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከአሮጌ ነገር ተገኘ። በ1974 በአምስተኛው እትም የመጣ ስቲኪ ቢት የሚባል ምልክት ነበር። የያኔ ሥራው ሌላ ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈለግ ፕሮግራም ከጨረሰ በኋላም ዲስኩ ላይ ባለው የሜሞሪ ማቆያ ቦታ ተጣብቆ እንዲቀር ያደርጋል። በ1986 የወጣው 4.3 ቢኤስዲ ለዚያው ምልክት ዳይሬክተሪ ላይ ሲሆን አዲስ ትርጉም ሰጠው፦ እዚህ ሁሉም ያስቀምጥ፤ የራሱን ግን ባለቤቱ ብቻ ያንሳ። (የዳይሬክተሪው ባለቤትና ዋናው አስተዳዳሪም ይችላሉ።) ዛሬ ቴምፕን ስትዘረዝሩ ፈቃዱ መጨረሻ ላይ የምታዩት «ቲ» ፊደል ያ ነው።

አሁን ልቤን ወደ ነካው ነገር ልምጣ። ቢል ጆይ በበርክሊ የሠራው ቪአይ የተባለው ማረሚያ እንደ ኢዲ የሥራ ቅጂውን ቴምፕ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ማሽኑ በድንገት ቢወድቅ የሰው ያልተቀመጠ ሥራ እዚያ ይቀራል። በበርክሊው ዩኒክስ ማሽኑ ሲነሳ ስክሪፕቱ ዝም ብሎ አይጠርግም። በመጀመሪያ የማረሚያውን ፋይሎች ሰብስቦ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ለባለቤቱም «ሥራህ ተርፏል፤ እንዲህ አድርገህ አውጣው» የሚል ኢሜይል ይልክለታል። ከዚያ በኋላ ነው ቴምፕ የሚጠረገው። በስክሪኑ ላይ በቅደም ተከተል ይታይ ነበር፤ መጀመሪያ ማዳን፣ ቀጥሎ መጥረግ።

ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። «ማን ነገረን?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነበር። ከእኔ ሃያ ዓመት ቀድመው አስበውበታል። ከመጥረግህ በፊት አንሳ፤ ካነሳህ በኋላ ንገር።

ታዲያ ሶላሪስ ላይ የእኔን ተማሪ ፋይሎች የበላቸው ምንድን ነው? ይህ ደግሞ የ1980ዎቹ መጨረሻ ታሪክ ነው። የሰን ኩባንያ ሰዎች ዲስክ የሌላቸው ትንንሽ ማሽኖች ዋናውን ሲስተም በኔትወርክ እንዲጋሩ ሲያደርጉ፣ የሚጋሩትን ከሚለዋወጠው መለየት አስፈለጋቸው። ቫር የሚባለው ዳይሬክተሪ ተለይቶ የወጣው ያኔ ነው፤ ዩኤስአር ቴምፕም ወደዚያ ተዛወረና ቫር ቴምፕ ሆነ። በዚያው ዘመን ቴምፕኤፍኤስን ሠሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጊዜያዊ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሮ ወዲያው የሚሞት ከሆነ ለምን ዲስክ ላይ እንጽፈዋለን? ሜሞሪ ውስጥ ይኑር፤ ሜሞሪው ሲጠብ ብቻ ወደ ዲስኩ የማቆያ ቦታ ይውጣ። ኮምፓይለሩ ፈጠነ፤ ሁሉም ተደሰተ።

ዋጋው ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማሽኑ ሲጠፋ በቴምፕ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ዝናብ ሳይሆን ጎርፍ ነው። ሁለተኛ፣ ቴምፕ የሞላ እንደሆነ የሚያልቀው ዲስክ ሳይሆን ሜሞሪ ነው፤ ማሽኑ አዲስ ፕሮግራም ማስነሳት ያቅተዋል። የዚያን አርብ የእኔ ማሽን የተንገታገተው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ቴምፕ ውስጥ የተከማቸው የተማሪዎቹ ፋይል ሜሞሪውን ጨርሶት ነበር። አምስት ደቂቃ ሰጥቼ ዝርዝሩን ባየው ባለቤቶቹን አገኛቸው ነበር። «ሰኞ ድረስ አንሱ» ማለት ይበቃ ነበር።

እዚያው አጠገብ ደግሞ ቫር ቴምፕ ነበረላት! በዩኒክስ ልማድ፣ በኋላም በሊነክስ ዓለም በ1994 በተጀመረው የፋይል አቀማመጥ ደረጃ፣ ልዩነቱ ተጽፏል፦ ቴምፕ ውስጥ ያለው ነገ ይኖራል ብላችሁ አትመኑ፤ ቫር ቴምፕ ውስጥ ያለው ግን ማሽኑ ጠፍቶ ቢነሳም መቆየት አለበት። ሁለት ጎረቤት ቦታዎች፣ ሁለት የተለያዩ ቃል ኪዳኖች። ቃል ኪዳኑ ግን መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ መጽሐፉ እኔ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ተማሪዋ ተርሚናል ላይ ናት።

የቀረውን ታሪክ ባጭሩ ልበላችሁ። ማሽኖች ለወራት ሳይጠፉ መሥራት ሲጀምሩ ሲነሱ መጥረግ ብቻውን አልበቃም። አስተዳዳሪዎች ሌሊት ሌሊት የሚሠራ፣ ብዙ ቀን ያልተነካን ፋይል የሚያጠፋ ስክሪፕት ጻፉ። እሱም መዘዝ ነበረው። ጠራጊው በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚሠራ፣ ተንኮለኛ ተጠቃሚ ጠራጊው ፋይሉን አይቶ እስኪያጠፋው ባለችው ቅጽበት ዳይሬክተሪውን ወደ ሌላ በሚያመለክት አቋራጭ ይለውጥና የሲስተሙን ፋይል ያስጠፋዋል። በ1990ዎቹ ብዙ ፕሮግራሞች ቴምፕ ውስጥ በሚገመት ስም ፋይል በመፍጠራቸው በተመሳሳይ መንገድ ተጠቅተዋል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ «የፋይሉን ስም በራሳችሁ አትፍጠሩ፤ ስም መርጦ በአንድ ጊዜ የሚፈጥረውን ኤምኬኤስቴምፕን ተጠቀሙ» እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

ሊነክስም በተራው ቴምፕኤፍኤስን ተቀበለ። ፌዶራ በ2013 መጀመሪያ በወጣው 18ኛ እትሙ ቴምፕን ሜሞሪ ላይ አደረገ። ደቢያን ብዙ ቆይቶ በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ተከተለ፤ ቴምፕ እስከ ሜሞሪው ግማሽ ድረስ ሊይዝ ይችላል። አዲስ ሲጫን ደግሞ በነባሪው ቴምፕ ውስጥ 10 ቀን፣ ቫር ቴምፕ ውስጥ 30 ቀን ያለፈው ፋይል በራሱ ይጠፋል። የእኔ የ1995 ዓ.ም. ታሪክ ዛሬም በአዳዲስ ሰርቨሮች ላይ ሊደገም ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ሰርቨራችሁን ያሻሻላችሁ ልጆች፣ ለተጠቃሚዎቻችሁ ነግራችኋል?

ወደ ስልኩ ልመለስ። ልጁ እጁን ካነሳ በኋላ አብረን ቀስ ብለን ሄድን። ታብ ሲጫን እንኳ ስህተት ይመጣበታል፤ የትእዛዝ መስመሩ ራሱ ጊዜያዊ ፋይል መፍጠር አቅቶታል። መጀመሪያ በዲኤፍ የትኛው ዲስክ እንደሞላ አየን። ቀጥሎ የፋይል ቁጥር እንዳላለቀ አረጋገጥን፤ ቦታ እያለ ቁጥሩ ሲያልቅም ማሽኑ ያው «ቦታ የለም» ነው የሚለው፤ ሪቺ ያስጠነቀቀው ነው። ከዚያ በዲዩ እያንዳንዱ ዳይሬክተሪ የያዘውን ደመርን። ድምሩ ዲኤፍ ካለው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ቀሪው የት ገባ?

ያ የድሮው ብልሃት በሌላ መልኩ መጣ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። ከሰዓት በፊት አንድ ባልደረባው ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ግዙፍ የሎግ ፋይል አጥፍቷል። ሎጉን የሚጽፈው ፕሮግራም ግን ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘ ነው፤ ስሙ ጠፋ እንጂ ቦታው አልተለቀቀም፣ እንዲያውም እየጨመረ ነው። የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስኦኤፍ ወዲያው አሳየን። ፕሮግራሙን ዘግቶ ሲያስነሳው ዲስኩ ተነፈሰ።

ቴምፕ ውስጥስ ምን ነበር? ሦስት ትልልቅ ፋይሎች። የሁለቱ ባለቤት መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ቆይቷል። የሦስተኛው ባለቤት ፈቃድ ላይ ያለች የሂሳብ ክፍል ባልደረባ ናት። ደወለላት። «ወይኔ፣ እንዳትነካብኝ! የዓመቱን መዝጊያ እዚያ ነው ለጊዜው ያስቀመጥኩት» አለችው። ጠርጎት ቢሆን የሚያገኘው ትንሽ ቦታ፣ የሚያጠፋው ግን የሰው የዓመት ሥራ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። ፋይሏን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጠላት። የሁለቱን ደግሞ ወዲያው ከማጥፋት ጨምቆ ለአንድ ወር እንዲያቆያቸው ተስማማን።

የዚያች ተማሪዬን ነገር ሳልጨርስላችሁ አልቀርም። የጽሑፉ አንድ የታተመ ረቂቅ አማካሪዋ ዘንድ ተገኘ። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ እተይባለሁ። ፕሮግራሙን ከሐሳቧ እንደገና ጻፈችው፤ «ከበፊቱ አጠረ» ትል ነበር። ተመረቀች። እኔ ይቅርታ የጠየቅኳት ግን በስንተኛው ቀን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ በጣም ዘግይቼ ነው።

በዚያው ወር ሁለት ነገር አደረግሁ። የእያንዳንዱን ተማሪ ቦታ ጨመርኩ። ቀጥሎም ማስታወቂያ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ተርሚናሎቻችን ፊደላችንን ስለማያሳዩ በእጄ ወረቀት ላይ ጽፌ የላቦራቶሪው በር ላይ ለጠፍኩት፦ «ቴምፕ ውስጥ ያለ ነገር ማሽኑ ሲጠፋ ይጠፋል። የሚቆይ ነገር ቫር ቴምፕ ውስጥ አስቀምጡ። ማሽኑን ከማጥፋቴ በፊት እነግራችኋለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጥ እወዳታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የእነሱ ግዴታ ናቸው፤ ሦስተኛዋ የእኔ ናት።

እንግዲህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስለ አንድ የጋራ ሜዳ የተፈጠረው ነገር ሁሉ፣ ኮታው፣ ስቲኪ ቢቱ፣ ማቆያው፣ ጠራጊው፣ አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ ስጡ የማን ነው? መቼስ ይነሳል? ማሽን ቀኑን ሊቆጥር ይችላል። የፋይሉን ዋጋ ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ባለቤቱን ደግሞ መጠየቅ ያለበት ቁልፉን የያዘው ሰው ነው።

ስሟን ያልጠራሁት ተማሪዬ ይህን ገጽ እንደምትከታተል አውቃለሁ። ለጽሑፉም አስፈቅጄያታለሁ። እናንተም «ለጊዜው» ብላችሁ አስቀምጣችሁ የጠፋባችሁ፣ ወይም እንደ እኔ የሰው ያጠፋችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ዛሬ ማታ ግን መጀመሪያ ቴምፓችሁን እዩት፤ ስታዩት ቶሎ አታጥፉ፣ ጠይቁ።

ቸር ያሰንብተን።